ቻትጂፒቲን ከመዝጋታችሁ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ፦ ሐዋሳ ያለ የልብስ ፋብሪካ ቢሮ፣ 35 የሚሆኑ ሠራተኞች፤ የደመወዝ ሰንጠረዥና የገዢ ዋጋ ቻትጂፒቲ ውስጥ እየገባ ነው፤ እንዝጋው ወይ?

በመዝጋት አትጀምሩ። ዋይፋዩ ላይ ሲዘጋ ሠራተኛው የስልኩን ዳታ ከፍቶ ይቀጥላል፤ እናንተ ግን ማየት አቆማችሁ ማለት ነው። ቀድማችሁ ለሁለት ሳምንት የራውተሩን የዲኤንኤስ መዝገብ (ከቢሮው የትኞቹ ድረ ገጾች እንደተጠየቁ የሚያሳየውን) ተመልከቱ። ራውተሩ ማይክሮቲክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሎጊንግ (የመዝገብ ቅንብሩ) ላይ ዲኤንኤስን ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። ሜሞሪው በነባሪ የሚይዘው 1000 መስመር ብቻ ስለሆነ በደቂቃዎች ይሞላል፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲልክ አድርጉት። የስልክ ዳታው እዚህ ስለማይታይ «ለየትኛው ሥራ፣ በምን ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ ያለ ቅጣት ጠይቁ።

እኔን ከቻትጂፒቲ በላይ የሚያሳስበኝ የቴሌግራም ቦት ነው። «ነፃ ኤአይ» የሚሉት ቦቶች የተላከላቸውን ጽሑፍና ፋይል መጀመሪያ የሚያደርሱት ለቦቱ ባለቤት ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያስቀምጠው አይታወቅም። እነዚህን ያለ ድርድር ከልክሉ።

ለተቀረው ስም መቀየርን አስተምሩ። የገዢው ስም «ገዢ-01»፣ ዋጋው «ዋጋ-01» ተብሎ ይገባል፤ መልሱ ሲመጣ ዎርድ ላይ በአንዴ ይተካል። «ገዢ ሀ»፣ «ዋጋ ለ» ብላችሁ «ሀ»ን ብቻ እንዳትተኩ፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሀ ሁሉ አብሮ ይቀየርና ደብዳቤው ይበላሻል። ኤክሴል እንዳለ አይጫን፤ የተደበቀ ዓምድና ሺት አብሮ ይሄዳል። ሦስት ዓምድ ብቻ የሚታይበት ፋይል ከኋላው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። የሚፈለገውን ብቻ አዲስ ፋይል ላይ በቫልዩ (ፎርሙላው ቀርቶ ውጤቱ ብቻ) ለጥፉ። ደመወዝ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የይለፍ ቃልና የገዢ ዲዛይን ግን ስም ተቀይሮም አይገባም።

አካውንት፦ የዶላር ክፍያው ከተቻለ የድርጅት አካውንት ግዙ፤ በዚያ የገባው በነባሪ ለሞዴል ማሠልጠኛ አይውልም። ካልተቻለ እያንዳንዱ የግል አካውንቱ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኮንትሮልስ ገብቶ ሞዴሉን ለማሻሻል የሚለውን ያጥፋ። ከዚያ በፊት የገባውን ግን አይመልስም። አንድ የይለፍ ቃል ለአሥር ሰው አትስጡ፤ የአንዱን ጽሑፍ ሁሉም ያነበዋል፣ የለቀቀውም ሰው ይገባበታል።

ክሮም ላይ ኤክስቴንሽኖችን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) በፖሊሲ ዝጉና የፈቀዳችሁትን ብቻ ክፈቱ። ኢሜይል የሚያርሙት የተከፈተውን ገጽ የማንበብ ፈቃድ ስለሚወስዱ ማንም ምንም ሳይለጥፍ መረጃው ይወጣል።

ሾልኮ ከሆነ ቻቱን ሰርዙ፣ የይለፍ ቃል ካለበት ያኔውኑ ቀይሩ፣ ምን እንደወጣና መቼ እንደሆነ መዝግቡ። የሠራተኛ የግል መረጃ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ እንድታሳውቁ ያዛል። ስለዚህ ራሱ መጥቶ የተናገረ ሠራተኛ እንደማይቀጣ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ የምትሰሙት ከገዢው ነው።