አሮጌ ላፕቶፕና ሊኑክስ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ካቆመ ወዲህ «ይቺን አሮጌ ላፕቶፔን ምን ላድርጋት?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይወድም። በዊንዶውስ ምትክ ስለሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ብቻ ራሟንና ሃርድ ዲስኳን ሳትነግሩኝ «የቱ ይሻላል?» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ 4 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ዴል አለችኝ። ሉቡንቱ ወይስ ሚንት?

መልስ፦ ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ሚንትን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ግራ አያጋባም። ሉቡንቱ ትንሽ ይቀላል፣ ግን ልዩነቱ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ራምህን የሚጨርሰው ሲስተሙ ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ጂሜይል አንድ ላይ ከከፈትክ የትኛውም ሊኑክስ አያድንህም። ሃርድ ዲስኳ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ መጀመሪያ እሱን በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ቀይረው። ሲስተም ከመቀያየር የበለጠ ለውጥ የምታየው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ 32 ቢት ነው፣ ራሙም 1 ጊጋ። ተስፋ አለው?

መልስ፦ እርግጠኛ ነህ? ብዙ ሰው የሚያየው የተጫነውን ዊንዶውስ ነው። 64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነባቸው ማሽኖች ሞልተዋል። ሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለውን ክፈትና «ሲስተም ታይፕ» ከሚለው ጎን ስለ ፕሮሰሰሩ የተጻፈውን አንብብ። «ኤክስ 64» ካለ 64 ቢት ነው።

እውነትም 32 ከሆነ አንቲኤክስ 23 የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ ሞክር። የተሠራው ዴቢያን 12 በሚባል ሌላ ሊኑክስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት መጫኛ የለውም፤ ፋየርፎክስ ብራውዘርም ከስሪት 145 ጀምሮ ለ32 ቢት ሊኑክስ አይወጣም። ስለዚህ ለጽሑፍ፣ ለዘፈንና ፒዲኤፍ ለማንበብ ትሆንሃለች። ዩቲዩብን እርሳው።

ጥያቄ፦ ክራክ ይፈልጋል?

መልስ፦ አይፈልግም። ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ አማርኛ እንዴት ነው የምጽፈው? የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አይባስ የሚባለውን የመተየቢያ ፕሮግራም ኤም 17 ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ጫኚ። ከዚያ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ፣ ሴራ የሚለውን ምረጪ። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብለሽ ስትመቺ «ሰላም» ይወጣልሻል። የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው። በኒያላ ፎንት የተጻፈ የዎርድ ፋይል በዎርድ ምትክ በሚሠራው በሊብሬኦፊስ ስትከፍቺ ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካል። ያኔ መስመሩ ይዘላል፣ ገጹም ይጨምራል። ለአማካሪሽ ስትልኪ በፒዲኤፍ አድርጊው። ዩኒኮድ ባልሆነው በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ካለሽ ደግሞ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው። ያለ ፎንቱ የምታዪው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውሱን ሳላጠፋ መሞከር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። የሊኑክሱን ፋይል አውርደህ ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫነው። ላፕቶፑን ስታበራ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ተጫንና በፍላሹ ግባ። ሉቡንቱ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ጠብቅ። ፍላሹን ከታመነ ሰው ግዛ። 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ አለ፣ ጭነቱ መሃል ላይ ነው የሚያቃጥልህ። ከገባህ በኋላ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን ሞክር። ዋይፋይ ካላሳየህ ብዙ ጊዜ ብሮድኮም ካርድ ነው። ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን፣ የስልክህን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን፣ ክፈትና ድራይቨሩን በዚያ አውርድ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ጨረሰን። ይሄ ነገር ይፈታልናል?

መልስ፦ አባቴ፣ ይፈታል። ያ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሣም። የደንበኛው ፋይል አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው፤ እዚህ ይታይዎታል። ግን ፕሪንተርዎን ሳያዩ እንዳይጭኑ። ኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። እንደ ካኖን ኤልቢፒ 2900 ያሉት ግን ድራይቨራቸው ራስ ያዞራል። እንጀራዎ በአንድ ማሽን ላይ ከሆነ እሱን አይንኩት፣ ለፍላሽ መፈተሻ ሌላ አሮጌ ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስስ?

መልስ፦ የጉግል ሲስተም ነው። 4 ጊጋ ራም ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉም ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) አይደለም። ሥራህ ሁሉ ብራውዘር ላይ ከሆነና ኢንተርኔትህ ካልተቆራረጠ ይሁን።

ጥያቄ፦ ራሜ 2 ጊጋ ነው። ብሬ የሚበቃው ለራም ወይ ለኤስኤስዲ ነው።

መልስ፦ አንተ ራሙን ግዛ። 4 ጊጋ ቢሆን ኖሮ ኤስኤስዲ እልህ ነበር። ግን ዲዲአር 2ና ዲዲአር 3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይገጣጠሙም፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ አነስተኛ ቮልቴጅ ያለውን ዲዲአር 3 ኤል ካልሆነ አይነሣም። የድሮውን ራም ነቅለህ ይዘህ ሂድና ባለ ሱቁ ፊት አስተያየው።