ሲስተሙ ሰርቲፋይድ ነው፤ የታካሚው ቋንቋ ግን ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ባለ ትንሽ ክሊኒክ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። የሶፍትዌር ድርጅታችን በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የጤና ሶፍትዌር የፌዴራል ደንብ፣ ኤችቲአይ-1ን፣ ለማሟላት አዲስ ቨርዥን ጫነልን። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ወደ ሆስፒታል ሲላክ የአማርኛ ተናጋሪዎቹ የቋንቋ ቦታ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። እኛ ስክሪን ላይ ግን በትክክል ይታያል። ድርጅቱ «ሲስተሙ ሰርቲፋይድ ነው» አለን።

መልስ፦ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው ሶፍትዌሩ መሥራት እንደሚችል ነው። እናንተ ጋ ለዓመታት የተጠራቀመውን ዳታ ማንም አልፈተሸውም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው የቋንቋ ኮዱን ነው። ሶፍትዌሩ ሰርቲፋይድ ለመሆን በሚመዘንበት የመንግሥት መስፈርት፣ በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ኤዲሽን፣ ቋንቋ የሚመዘገበው በሦስት ፊደል ነበር፤ አማርኛ «ኤ-ኤም-ኤች»። የ2015ቱ ኤዲሽን አርኤፍሲ 5646 የተባለውን የቋንቋ ኮድ አጻጻፍ ደንብ አመጣ። በእሱ መሠረት ባለሁለት ፊደል ኮድ ካለ የሚሠራው እሱ ነው፤ አማርኛ «ኤ-ኤም»፣ ትግርኛ «ቲ-አይ»፣ ኦሮምኛ «ኦ-ኤም»። አሮጌው ኮድ ዳታቤዝ ውስጥ ከቀረ፣ ወይም ሪሴፕሽን ላይ በእጅ የተጻፈ ከሆነ፣ ስክሪኑ ያሳየዋል። አዲሱ ቨርዥን ግን ሲልክ የማያውቀውን ሊዘለው ይችላል።

የቋንቋ ዓምዱ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ አጻጻፎች በሙሉ አውጥተው ይዩ። «ኢትዮጵያኛ» የሚል ካገኙ አማርኛ ነው ብለው አይገምቱ፤ ታካሚው ይጠየቅ። ባዶውንም፣ አደራ፣ በእንግሊዝኛ አይሙሉት። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብላ የተመዘገበች እናት አስተርጓሚ ሳይጠራላት የኦፕራሲዮን ፈቃድ ልትፈርም ትችላለች። ባዶ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቃታል።

የቀረውን እያንዳንዱን አጻጻፍ ከትክክለኛው ኮድ ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ያዘጋጁና መጀመሪያ በመሞከሪያው ሲስተም ላይ ይጫኑት። ሪሴፕሽን ላይ በእጅ መጻፍ ይቅርና ከዝርዝር ይመረጥ፤ አለዚያ በወሩ ተመልሶ ይበላሻል።

ከዚያ የሙከራ ታካሚ ፈጥረው በሁለቱም መንገድ ያውጡ፦ በፋየር ኤፒአይ (ሲስተሞች የጤና ዳታ በቀጥታ የሚለዋወጡበት መንገድ) እና በሲ-ሲዲኤ ሰነድ (የታካሚው ማጠቃለያ በፋይል የሚላክበት ቅርጽ)። አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ሊቀር ይችላል፤ የኮድ ሰንጠረዣቸው የተለያየ የሆነ ሲስተም አለ። እግረ መንገድዎን የዘር መረጃውንም ይዩ። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በሲዲሲ፣ ዝርዝር ኢትዮጵያዊ የራሱ ኮድ አለው፤ 2062-8።

ኮዱ ትክክል ሆኖ አሁንም ባዶ ከወጣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው። ከሙከራ ታካሚው ያወጧቸውን ሁለቱንም ፋይሎች አያይዘው፣ የቨርዥን ቁጥራችሁን በመንግሥት የተመሰከረላቸው ምርቶች ዝርዝር፣ በቺፕል፣ ላይ አመሳክረው ለድርጅቱ በጽሑፍ ይላኩ። የእውነተኛ ታካሚ መዝገብ ግን አያያይዙ።