ወንዝ በሌለበት ደን ውስጥ ቲካል እንዴት ከተማ ሆነች? (መልስ)

በማዕከላዊ አሜሪካ የሚገኘው ጥንታዊው የማያ ሕዝብ ወንዝ በሌለበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ እንደ ቲካል ያለ ትልቅ ከተማ እንዴት ሊያቆም እንደቻለ ለጠየቁት፦

ቲካል ባለችበት በሰሜን ጓቲማላ ዝናብ አይጠፋም። ችግሩ የኖራ ድንጋይ የሆነው መሬት ውሃውን ወዲያው ወደ ታች ማስረጉ ነው፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ደግሞ በጋ ነው። ስለዚህ አደባባዮቹን በኖራ ለስነው፣ ትንሽ አዘንብለው ሠሩ፤ ጎርፉ በግድብ ወደተዘጉ ትልልቅ ገንዳዎች ይወርድ ነበር። ኮሪየንታል በተባለው ገንዳ የኳርትዝ አሸዋና ዚዮላይት ተገኝቷል። ዚዮላይት ጀርምና ከባድ ብረት ይዞ ውሃ የሚያጣራ ማዕድን ነው፤ የመጣውም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለ ቦታ ሳይሆን አይቀርም። የጋማ ከብት ስላልነበራቸው ሸክሙ ሁሉ በሰው ጀርባ ነው! በእኔ እምነት የነገሥታቱ ሥልጣን ዋና ምንጭ ይህ ውሃ ነው፤ በበጋ ገንዳውን የያዘ ሕዝቡን ይዟል።

ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ነው። በቤተ መንግሥቱና በቤተ መቅደሱ አጠገብ ባሉት ገንዳዎች ደለል ውስጥ፣ በ9ኛው መቶ ዘመን ንብርብር ላይ፣ ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት በከፍተኛ መጠን፣ እንዲሁም መርዝ የሚያመነጭ ሳያኖባክቴሪያ (ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) ታይቷል። ሕንጻዎቹ የተቀቡት ሲናባር የተባለ ቀይ ቀለም ሜርኩሪ አለበት፤ ዝናብ እያጠበ ወደ ገንዳው አስገባው። የምግብ ትርፍራፊና ቆሻሻ ደግሞ ባክቴሪያውን መገበው። እንዲህ ያለ ውሃ ቢፈላም አይጠራም። ቀን የተቀረጸበት የመጨረሻው የቲካል ሐውልትም የዚያው መቶ ዘመን፣ የ869 እ.ኤ.አ. ነው።