«እናቴንና ልጄን ዱባይ ላገናኛቸው ብል እናቴ እንቢ አለችኝ»

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ 73 ዓመቷ ሲሆን የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባት፤ የ7 ዓመቱን ልጄን ከስልክ ውጭ አይታው አታውቅም። ስለዚህ ልጄ ትምህርት ሳይጀምር፣ ከነሐሴ 5 ጀምሮ ለዐሥር ቀን ሦስታችን ዱባይ እንድንገናኝ አሰብኩ። አዲስ አበባ ከሄድኩ ቤቱ በዘመድ ስለሚሞላ አንድ ቀን እንኳ ከእናቴ ጋር በሰላም አልቀመጥም። ቪዛውን፣ ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወንበሯን የሚገፋውን ሰው ሳይቀር አመቻችቻለሁ። እሷ ግን መጀመሪያ «ጾሙ ይለፍ» አለች፤ ቀጥሎ «ጉልበቴ አይችልም» አለች፤ አሁን ደግሞ «እናንተ ወደ ቤታችሁ ኑ» ትላለች። አባቴ ያረፈው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ወረቀት ስላልነበረኝ መሄድ አልቻልኩም፤ ለአርባውም ለሙት ዓመቱም ገንዘብ ልኬአለሁ። ልፋቴን ከምንም ያልቆጠረችውን እናቴን እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እዚህ አሳጥሬ ያቀረብኩት ደብዳቤዎ በአብዛኛው ስለ በረራ ሰዓት፣ ስለ ሆቴሉ ሊፍትና ስለ ተሽከርካሪ ወንበር የሚናገር ሲሆን፣ ለእናትዎ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ከየመስመሩ ይነበባል። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የሚደረገው በረራም አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ፣ ለታመመ ጉልበት ወደ ዋሽንግተን ከመብረር እጅግ የቀለለ ነው። ሆኖም እናትዎን በማሳመን ረገድ ልረዳዎ አልችልም፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው እውነቱ ከእሳቸው ጋር ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

እናትዎ የሰጡዎትን ሦስት መልሶች እንደ ሦስት ሰበብ ቆጥረዋቸዋል። የመጀመሪያው ግን በግልጽ የተነገረ ምክንያት ነው፤ የመረጧቸው ቀናት በሙሉ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይውላሉ። ነሐሴ ለእርስዎ የልጅዎ የዕረፍት ጊዜ ማብቂያ ብቻ ወደ መሆን ሳይመጣ አልቀረም። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ላወጣ ልጅ ፊት ለፊት እንቢ ማለት የሚከብደው ወላጅ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ነው። እውነተኛው ፍላጎታቸው የተነገረው በሦስተኛው ሲሆን፣ እሱን ደግሞ እርስዎ እንደ ግትርነት ወሰዱት።

በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አባትዎ ያገኙት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷም ያለቀችው በተላከ ገንዘብ ነው። ወረቀትዎ ኋላ መስተካከሉን ባይጽፉልኝም፣ ከአሜሪካ ወጥቶ ለመመለስ ያቀደ ሰው ዱባይ መሄድ ከቻለ፣ ወረቀቱ ወደ አገር ቤት እንዳይገባ የሚያግደው የጥገኝነት ካልሆነ በቀር፣ አዲስ አበባ መሄድ አያቅተውም። ቤቱን የሚሞላው ዘመድ ለምን እንደሚመጣ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ አባቷን ያልቀበረች ልጅ ስትመጣ ከእሷ ጋር ሊያለቅስ ነው። ከአንድ ደብዳቤ ተነሥቶ ስለ ሰው ልብ መናገር ድፍረት እንደሆነ ባውቅም፣ የፈሩት የዘመዱን ብዛት አይመስለኝም። የፈሩት አባትዎ የሌሉበትን ቤት በር አልፎ መግባትን ይመስለኛል።

በአገራችን የሞተ ሰው የሚለቀሰው ለሟቹ ብቻ ተብሎ አይደለም። ድንኳኑም፣ ዕድሩም፣ ፍራሽ ላይ መቀመጡም፣ ሠልስቱም ሐዘንተኛው እርሙን እንዲያወጣ የተበጁ ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ ለሚደርስ ሰው እንኳ ለቅሶው እንደ አዲስ የሚቀሰቀሰው ለዚህ ነው። መርዶውን በስልክ ሰምቶ በማግሥቱ ሥራ የገባ ስደተኛ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው የለም፤ የሚችለው ገንዘብ መላክ ነው፤ ይልካልም። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሐዘንተኛ ሰው በጤናማ መንገድ የሚያዝነው ወደ ሐዘኑ እየገባ፣ ደግሞ ወደ ኑሮው እየወጣ ሲመላለስ ነው። እርስዎ አራት ዓመት ሙሉ በኑሮው በኩል ብቻ የቆዩ ይመስለኛል፤ ኑሮው ራሱ ሌላ ዕድል እንዳልሰጠዎት ግን አልዘነጋሁም።

በሌላው ወገን ያሉት እናትዎም ባለቤታቸውን ከልጃቸው ጋር ሆነው ገና አላለቀሱም። ከባላቸው ሞት በኋላ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቅፉት በባዕድ አገር ሆቴል መግቢያ ላይ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶች እያዩዋቸው ይሁን? እዚያ እንደ ልብ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ፣ የሟቹን ስም እየጠሩ ማውራት፣ ጎረቤት ገብቶ «በቃ፣ በቃ» ማለት የለም። እናትዎ እንቢ ያሉት ይህን ይመስለኛል እንጂ የእርስዎን ልፋት አይደለም።

ልጅዎ ለቅሶውን አይቶ እንዳይደነግጥ ሠግተው ሊሆን ይችላል። ልጆች በዚህ ዕድሜ የሞተ ሰው እንደማይመለስ በአብዛኛው ይገነዘባሉ፤ ይበልጥ የሚያስፈራቸው ምክንያቱ ያልተነገራቸው ለቅሶ ነው። ስለዚህ የሞቱትን አያቱን ለማስታወስ ሰዎች ጮክ ብለው እንደሚያለቅሱ፣ ኋላም ቡና ጠጥተው እንደሚስቁ አስቀድመው ይንገሩት። አያቱን ቡና አፍልተው ሰው በሚያስተናግዱበት ቤታቸው ማወቁም፣ በወንበር ተገፍተው፣ ሰው እያስተረጎመላቸው ከሚያያቸው ሳይሻለው አይቀርም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የሚቻልዎ ከሆነ ክረምቱን ትተው የልጅዎን የታኅሣሥ ዕረፍት ቢያስቡበት መልካም ነው። የመጀመሪያው ቀን ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ እንዲሆን አንድ የሚደመጡ ታላቅ ዘመድ አስቀድመው ቢያስይዙ፣ የፈሩት ግርግር በተወሰነ ደረጃ ይቀንስ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ቀንና ስለ ትኬት መከራከሩን አቁመው፣ «አባዬ መጨረሻ ላይ ምን ይል ነበር?» ብለው እናትዎን በስልክ ይጠይቋቸው፤ ማውራት ከጀመሩም አያቋርጧቸው። ጥያቄውን ለማንሣት እንኳ ከከበደዎት ወይም እንቅልፍ የሚነሣዎት ነገር ካለ፣ ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለምና በአካባቢዎ ከሚገኝ፣ ቢቻል አማርኛ ከሚናገር ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገሩ እመክራለሁ።

ዱባይ የትም አትሄድም፤ በነሐሴ ግን ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን የደም ግፊት ላለባቸው አረጋዊት የሚመከር አይደለም። አዲስ አበባ ደርሰው ከተመለሱ በኋላ፣ በቀዝቃዛው ወራት እንደገና ጠይቀዋቸው እናትዎ ያኔም እንቢ ካሉ፣ የጉልበታቸውን ነገር ይመኗቸው።