«የግል ጉዳይ» ብዬ የጻፍኩት

ሶሻል ወርክ በሁለተኛ ዲግሪ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዷ ጥያቄ ጻፈችልኝ። በትምህርት ቤቷ የተማሪዎች ማኅበር ለሥራ አስፈጻሚነት እንድትወዳደር ጓደኞቿ ወትውተዋታል። «እትዬ፣ የመስክ ልምምዱ ብቻውን በሳምንት ሁለት ቀን ይወስድብኛል፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ገና አልጸደቀም። ማኅበሩ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን ይበላዋል?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ተቀምጬ ነበር። «ይጠቅመኛል ወይ» የምትለው ቃል ግን እጄን ያዘችው። ተነሥቼ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ጠርዙ የተላጠ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ አንድ መዝገብ አወጣሁ። ተማሪ ሳለሁ የማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት በዚህ መዝገብ ነው። ለተተኪዬ መሰጠት ሲገባው እኔ ዘንድ የቀረበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ገጽ 31 ላይ በራሴ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር አንዲት አባል የግል ጉዳያቸውን አቅርበው ውይይት ተደርጎበታል፤ ወደፊት እንዲታይ ተወስኗል።» ስርዝ ድልዝ የለውም። በሙያ ዘመኔ ብዙ ሪፖርት ጽፌአለሁ፤ ከዚህ መስመር የከፋ ግን አልጻፍኩም።

አባሏ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትበልጠኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ስላት «እዚህ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ተማሪዎች ነን፤ አንቺ በይኝ» ብላ አስቆመችኝ። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ ተረኛ ሆና ትሠራና ጠዋት ከዚያው በቀጥታ ወደ ትምህርት ትመጣለች። ዘወትር የምትቀመጠው በሩ አጠገብ ነበር። አንድ ጊዜ መምህራችን የሞት መርዶ ለቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር ጠየቁን። እኛ ከንባባችን ያገኘነውን ደረጃ በደረጃ ደረደርን። እሷ ግን «መጀመሪያ እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። ከዚያ ሌላ የሚመጣ ሰው እንዳለ እጠይቃለሁ፤ ካለ እጠብቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ መስማት የለባቸውም» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ መርዶ የምናገረው እሷ እንዳለችው ነው።

የመስክ ልምምድ በሙያችን ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። የአሜሪካው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት አንድ የማስተርስ ተማሪ ቢያንስ 900 ሰዓት በመስክ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። በሳምንት 16 ሰዓት ብታሰሉት ከ56 ሳምንት ያልፋል፤ ያውም በአብዛኛው ያለ ክፍያ። የእኛም ትምህርት ቤት ከዚህ ብዙ ያልራቀ ሰዓት ነበር የሚጠይቀው። እሷ ሒሳቡን በአንዲት ወረቀት ላይ ሠርታ ይዛው ትዞር ነበር፦ የሥራ ሰዓት፣ የክፍል ሰዓት፣ የልምምድ ሰዓት። ለእንቅልፍ የቀረላት በቀን ከአራት ሰዓት አይበልጥም ነበር።

ጥያቄዋ ከባድ አልነበረም። የልምምዱ ከፊል በምትሠራበት ተቋም ይሁንልኝ አለች፤ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ተቆጣጣሪ ሥር፣ ከደመወዝ ሥራዋ በተለየ ተግባር። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚፈቅዱት አሠራር ነው። የልምምድ አስተባባሪው ግን በቃል «አይሆንም» አሏት፤ ምክንያቱን አልነገሯትም፣ በጽሑፍም አልሰጧትም። ስለዚህ ወደ እኛ መጣች። ማኅበሩ ደብዳቤ ጽፎ ደንቡ እንዲብራራ ይጠይቅልኝ አለች። ከዚያ ቀጥላ የተናገረችውን ዛሬም ድምጿን እሰማዋለሁ፦ «እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሌሎች ሦስት አሉ፤ መምጣት ስላልቻሉ ነው።»

ይህን አልጻፍኩትም።

የዚያ ቀን ዋና አጀንዳችን የሙያችን ቀን አከባበር ነበር። ዛሬ ይህ ቀን በመላው ዓለም በየማርች ወር ሦስተኛ ማክሰኞ ይከበራል፤ ያኔ ግን ትምህርት ቤቱ ለራሱ የወሰነው በዓል ነበር። እንግዶች በየትኛው ረድፍ እንደሚቀመጡ ተነጋገርን። በሰሌዳው ላይ «ክብር» ይቅደም ወይስ «ፍትሕ» በሚለው ላይ አርባ ደቂቃ ፈጀን። በዚያው ወር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችንን ክፍል ከነቁልፉ ሰጥቶን ነበር። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ ያቺ ቁልፍ በሁላችንም ልብ ውስጥ ነበረች። ሊቀመንበራችን ደግና ጨዋ ልጅ ነበር። ሰዓቱን ተመለከተና «የግል ጉዳይ ስለሆነ በልዩ ልዩ እንያዘው» አለኝ። እኔም ያዝኩት።

የሚያቃጥለኝ ሌላም ነገር አለ። በዚያው ሳምንት በሴሚናር ላይ ጽሑፍ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ ርዕሱም አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 በግለሰብ ችግርና በሕዝብ ጉዳይ መካከል ያደረገው ልዩነት ነበር። በአንድ ከተማ አንድ ሰው ሥራ ቢያጣ የዚያ ሰው ችግር ነው፤ ሚሊዮኖች ሲያጡ ግን ጥያቄው ስለ ሥርዓቱ ነው፤ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ጥሩ አድርጌ አቀረብኩት፣ ጥሩ ውጤትም አገኘሁበት። ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሴት ሦስት ሰዎች ከኋላዋ እንዳሉ እየነገረችኝ «የግል ጉዳይ» ብዬ መዘገብኩ።

የሚቀጥለውን ስብሰባ አጀንዳ ያዘጋጀሁት ካለፈው ቃለ ጉባኤ ነው። «ወደፊት እንዲታይ» የሚለው ቀን የለውም፣ ባለቤት የለውም፣ ስለዚህ አጀንዳ ውስጥ አልገባም። እሷ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ሳንደርስ የሌሊት ተራዋ ደረሰና ቦርሳዋን አንጠልጥላ በዝግታ ወጣች። ስትወጣ አይቻታለሁ። በሦስተኛው ስብሰባ አልመጣችም።

ከሳምንታት በኋላ ደረጃ ላይ ተገናኘን። የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ በእጇ ነበር፤ ሁለት ፊርማ ተፈርሞበት ሦስተኛውን ልታስፈርም እየወረደች ነው። ምን እንደምላት ጠፋኝ። እሷ ግን በእርጋታ «ያን ቀን ያልኩትን ጽፋችሁታል?» አለችኝ። «አዎን፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል» አልኩ። «ከተጻፈማ ጥሩ ነው። ለሚመጡት ይጠቅማል» ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

መዝገቡን ለምን እንዳላስረከብኩ አሁን ይገባችኋል። ለብዙ ዓመታት «የሚረከበኝ ሰው ስላልነበረ ነው» እል ነበር፤ እሱም ሐሰት አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ማኅበር ዕድሜው አጭር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማንም ማንንም አያውቅም፤ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ልምምድና የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይሰጥማል። ሥራ አስፈጻሚው ተመርጦ ሥራውን የሚያውቅበት ወራት በጣት ይቆጠራል፤ ከዚያ ይመረቅና ይበተናል። የኛም እንደዚያው ተበተነ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የሚመጣው ጸሐፊ ገጽ 31ን እንዳያነብ ፈርቼ ነበር። እሷ «ለሚመጡት ይጠቅማል» ያለችው ለሚመጡት እንዳይደርስ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የገንዘብ ያዣችን ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ በስብሰባ ላይ አንድ ጊዜም ሲናገር የሰማሁት አይመስለኝም። የያንዳንዷን ወጪ ደረሰኝ ግን በቀን ቀን ለይቶ በጫማ ካርቶን ያስቀምጥ ነበር። ሲመረቅ ካርቶኑን ለአንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አስረክቦ አስፈረማት። ከሁላችንም ሥራ ለተከታዮቻችን የደረሰው የእሱ ካርቶን ብቻ ነው።

ስለ እናንተ ትውልድ ልናገር፤ ቅር አይበላችሁ። ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ። እኛ የክፍላችንን ቁልፍ እንዳንነጠቅ ፈርተን ዝም ያልንበትን እናንተ በአንድ ምሽት አቤቱታ ጽፋችሁ መቶ ፊርማ ታሰባስባላችሁ። በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ያለ ክፍያ የሚሠራ ልምምድ ይቅር ብለው የጀመሩት እንቅስቃሴ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛምቷል። አውስትራሊያ ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በግዴታ ልምምድ ላይ ላሉ፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች መንግሥታዊ ድጎማ መክፈል ጀምራለች፤ የመምህርነት፣ የነርስነትና የአዋላጅነት ተማሪዎችም አብረው ተካተዋል። ዜናውን ባነበብኩ ቀን ያቺ የሒሳብ ወረቀት ታየችኝ። የእሷ «የግል ጉዳይ» የአንድ አገር በጀት ውስጥ ገባ።

ነገር ግን ፊርማው ከተሰበሰበ በኋላ ስብሰባው ላይ ትጠፋላችሁ። ደንቡን ማንበብ፣ ከአስተባባሪው ጋር አራት ጊዜ መቀመጥ፣ መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ባይመጣ ደግሞ እንደገና መጠየቅ ያሰለቻችኋል። አንዳንዶቻችሁ ማኅበሩን የምትፈልጉት በሥራ ማመልከቻ ላይ «ፕሬዝዳንት ነበርኩ» ብላችሁ ለመጻፍ ነው። ይህን ስል የምቆጣ መስዬ ከታየሁ፣ አዎን፣ እቆጣለሁ።

በየዓመቱ ለሚመጡኝ ተማሪዎች «በዓል ማክበሩን ተዉት፣ ሰሌዳና የቡድን ፎቶግራፍ ማኅበር አይሆንም» እል ነበር። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያቺ ሴት ስለ ሌሊት ሥራዋ መጀመሪያ የነገረችኝ በማኅበሩ የአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ምሽት ላይ ነው። ወንበር እያነሣሁ ሳለ መጥታ ልታግዘኝ ጀመረችና እየተጫወትን ነገረችኝ። ያ ምሽት ባይኖር ኖሮ ወደ ስብሰባው መምጣቷንም እጠራጠራለሁ። ስለዚህ በዓሉን አክብሩ። ወንበር ስታነሡ ማን እንደሚያግዛችሁ ግን ልብ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ማኅበሩ በጣም የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ወደ ስብሰባው መምጣት የማይችሉት ናቸው፦ የሚሠሩት፣ ልጅ ያላቸው፣ በማታ የሚማሩት። የሚመረጠው ግን ጊዜ ያለው ነው፤ እኔም የተመረጥኩት ጊዜ ስለነበረኝ ነው። ስብሰባውን በእነሱ ሰዓት አድርጉት፤ ካልሆነም ከስብሰባው በፊት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ትምህርት ቤቱ እንዳይከፋ ብላችሁም አትስጉ። በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚያገኙበት መስፈርት ራሱ፣ ፕሮግራሞች ተማሪዎች ለጥቅማቸው እንዲደራጁ ዕድል እንዲሰጡና እንዲያበረታቱ ሲጠይቅ ኖሯል። ማኅበር ከትምህርት ቤት የሚቀበሉት ስጦታ አይደለም፤ ቁልፉም ቢሆን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። ጊዜሽን ይበላዋል፤ በዚህ አልሸነግልሽም። የጽሑፍሽን ርዕስ ቶሎ አስጸድቂ፣ ከአማካሪሽ ጋር ያለሽን ቀጠሮ ለማኅበር ስብሰባ ብለሽ አትሠርዢ። ነገር ግን ተወዳደሪ። ሊቀመንበርነቱን ለሌላ ተዪውና የጸሐፊነቱን ቦታ ጠይቂ፤ ማንም ስለማይሻማሽ በቀላሉ ታገኚዋለሽ። ሰው ሲናገር በራሱ ቃል ጻፊው። «እኔ ብቻ አይደለሁም» ካለ እሱን ጻፊ፣ ስንት እንደሆኑ ጠይቂና ቁጥሩን ጻፊ። «ወደፊት» በሚለው ቦታ ቀን አስገቢ፣ ከቀኑ አጠገብም የሚከታተለውን ሰው ስም።

የእኔን መዝገብ በፖስታ እልክልሻለሁ። ከዚህ በኋላ እኔ ዘንድ ሊቀመጥ አይገባውም። ገጽ 31 ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ከመስመሩ በታች ባለው ባዶ ቦታ ያን ቀን ያለችውን፣ እስከማስታውሰው ድረስ፣ በራሷ ቃል ዛሬ ጠዋት ጽፌዋለሁ።