ከደብተሯ በፊት ክፍሏን ይዩላት

እህቴ፣ የአራት ዓመት ልጅዎ አጸደ ሕፃናት ከገባች ሦስተኛ ወሯን ብትይዝም ደብተሯ እስካሁን ባዶ እንደሆነ፣ የጎረቤትዎ ልጅ ግን በሌላ ትምህርት ቤት እስከ መቶ እንደሚጽፍ ገልጸው «የእኔዋ ስትጫወት ውላ ነው የምትመጣው፤ ላስወጣት ወይ?» ብለው የጠየቁትን በጥሞና አነበብኩት። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥትም በግልም አጸደ ሕፃናት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ በመሆኔ፣ ይህንኑ ጥያቄ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከወላጆች እሰማዋለሁ። መልሴ፣ ልጅዎን ከማስወጣትዎ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ፈቃድ ጠይቀው ክፍሏ ውስጥ ይቀመጡና ልጆቹ እንዴት አብረው እንደሚውሉ ይመልከቱ የሚል ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትምህርቱ ያለው በዚያ አብሮ መዋል ውስጥ ስለሆነ።

ስጋትዎን አቅልዬ አላየውም፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ እንደ እርስዎ አስብ ነበር። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባቱ ድምፃቸው፣ ማለትም 231ዱንም፣ ልጆቹ በየመስመሩ እንዲገለብጡ አደርግ ነበር፤ ወላጆችም የሞላውን ደብተር አይተው ይመርቁኝ ነበር። አንድ ሰኔ ላይ ግን ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ የሚወጣ አንድ ልጅ «ሎ»ን ለብቻዋ ሳሳየው ሊለያት አልቻለም፤ ከ«ለ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ካልደረሰባት በቀር አያውቃትም ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ሀሁን የቆጠረ ልጅ ቅደም ተከተሉ በተለወጠው በአቡጊዳ እንደገና እንዲያልፍ ያደርጉ የነበረበት ጥቅም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ያንን ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን አድክሜ ፊደል ሳይለይ ለቀቅኩት፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ፊደልን ከጆሮ መጀመርን ተማርኩ። በአማርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ፣ ቃላትን በጭብጨባ መከፋፈል ለልጆች ትልቅ በር ይከፍታል፤ «ሎሚ» ሁለት ጭብጨባ፣ «ጀበና» ሦስት ጭብጨባ ስትሆን፣ የጭብጨባውና የፊደሉ ቁጥር እኩል ይመጣል። «በግ» ግን በአንድ ጭብጨባ ሁለት ፊደል ስላላት እንዲህ ያሉትን ለኋላ እናቆያቸዋለን። ይህ ሥራ ደብተር ላይ አንዳች ምልክት አይተውም፤ ይሁን እንጂ ይህን ለወራት የተጫወተ ልጅ እርሳስ ሲይዝ የሚጽፈውን እየሰማ ይጽፋል። ጣትም ቢሆን ከእርሳስ በፊት ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ጭቃ ማድበልበል፣ ወረቀት መቅደድ፣ ምስር መልቀም ሁሉ የጽሕፈት ዝግጅት ነው። ቤትዎ ምስር ሲለቅሙ ልጅዎን አጠገብዎ ቢያስቀምጧት፣ እጇን ይዘው መስመር ከሚያስሰምሯት የበለጠ ይጠቅማታል።

አሁን ወደ አብሮ መዋሉ ልመለስ። ልጆች ከጥንት ጀምሮ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ፤ ጥሩ አጸደ ሕፃናት ይህንኑ ጨዋታ ወደ ክፍል አስገብቶ የቤት ማዕዘን ያዘጋጅለታል። እኔ ክፍል ረከቦት፣ ጀበናና ስድስት ሲኒ ነበረን። ስምንት እንግዶች መጥተው ሲኒው ሲያንስ ልጆቹ ስንት እንደጎደለ ለማወቅ ይቆጥራሉ፤ ቀድሞ የሚጠጣው ማን እንደሆነ ይከራከራሉ፤ «ለትልቅ ይቀድማል» የሚል አንዱ ይነሣል፤ የቀረው ተራውን መጠበቅ ይለምዳል። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ቁጥር፣ ቋንቋና ሥነ ምግባር አብረው ይሄዳሉ። እስከ መቶ በቃሉ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ለስምንት ሰው ስምንት ሲኒ ማቅረብ አይችልም፤ ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የምሳ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ባስተማርኩበት በአንዱ ትምህርት ቤት የክርስቲያንና የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ምሳ ዕቃቸውን ስለሚከፍቱ፣ ወላጆች ተሰብስበው ሥጋ ያለበት ምግብ ማንም እንዳይልክ ተስማሙ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ያለ ጭንቀት ይጎራረሱ ጀመር፤ እኛም መምህራን «የእሱን እንዳትነካ» ከማለት ዐረፍን። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በምገባ መርሐ ግብሩ ቁርስና ምሳ ስለሚያቀርቡ ደግሞ፣ እዚያ ያሉ ልጆች ተሰልፎ እጅ መታጠብን፣ ሳህን ማቀበልንና የወደቀ ፍርፋሪ ማንሣትን በየዕለቱ ይለማመዳሉ። አያቶችን በወር አንድ ጊዜ እየጋበዝን «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው እንዲቀበሉ፣ በማግሥቱም ተረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየተራ እንዲናገሩት እናደርግ ነበር። የአያቶቹ መምጣት ያስገኘው ፍቅር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም፤ አያታቸው ሩቅ ለሆነባቸው ልጆች ሁሉ አያት ሆነውላቸው ነበር።

ነገር ግን ጨዋታ የሚባል ሁሉ ትምህርት እንዳልሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተለቅቀው መምህርቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከዋለች፣ ወይም ቴሌቪዥን ተከፍቶላቸው በዝምታ ከታጎሩ፣ ስጋትዎ እውነት ነው። ስለዚህ ሲሄዱ መምህርቷ ከልጆቹ ጋር ቁመቷን ዝቅ አድርጋ ትነጋገር እንደሆነ፣ ሲጣሉ ሁለቱንም ትሰማ እንደሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በልጆች እጅ የተሠራ ይሁን ከገበያ የተገዛ ብቻ፣ የውኃና የመጸዳጃው ንጽሕና እንዴት እንደሆነ ያስተውሉ። ዛሬ በዚህ ጨዋታ ምን ሊማሩ እንደታሰበ መምህርቷን በትሕትና ይጠይቋት፤ ዕቅድ ያላት መምህርት ወዲያው ትነግርዎታለች። ሞግዚቷንም ያነጋግሯት፤ ልጅዎ ስታለቅስ ማን እንደሚያባብላት ከሁሉ በላይ የምታውቀው እርሷ ናት።

በአገራችን የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአጸደ ሕፃናትን ዓላማ የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት ማድረጉ ይታወቃል። ስሙም ራሱ ይህንን ይናገራል፤ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1840 «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» ብሎ የሰየመውን ነው እኛ በግዕዙ አጸድ የተረጎምነው። ልጅዎ አንደኛ ክፍል እስክትገባ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል፤ እስከ መቶ የመጻፊያው ጊዜ አላለፈባትም።

ካዩ በኋላም ካልተዋጠልዎ የመንፈቀ ዓመቱን ዕረፍት ይጠብቁ እንጂ በመሐል አያስወጧት፤ ለአራት ዓመት ልጅ አንዲት መምህርት መልመድ ብቻውን ሳምንታት የሚወስድ ሥራ ነው። እስከዚያው ማታ ስትመጣ «ዛሬ ምን ጻፍሽ?» ከማለት ይልቅ «ከማን ጋር ተጫወትሽ? እሱስ ምን አለሽ?» እያሉ ይጠይቋት። ቀስ በቀስ የጓደኞቿን ስም፣ የክፍሉን ደንብ፣ የሰማችውን ተረት መናገር ከጀመረች እዚያው ይተዉአት።