ለገና ስኳር ድንች ለምትሠሪው እህት፦ አትቀቅዪው፣ ዳቦ ቤትም አትውሰጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ለገና የባልሽ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ከዶሮ ወጡ ጎን የስኳር ድንች ማባያ ማቅረብ አምሮሻል። ቪዲዮ አይተሽ ቆራርጠሽ 15 ደቂቃ ቀቀልሽው፤ ዳር ዳሩ ገንፎ ሆነ፣ መሃሉ ግን አልበሰለም። ኦቨን ስለሌለሽ ሰፈር ያለው ዳቦ ቤት ይጋግርልኝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ተይው፣ ሰላጣ ሥሪ» አሉሽ። ግማሾቹ ደግሞ «አዎ፣ ዳቦ ቤት ውሰጂው»። ሁለቱንም እንዳትሰሚ።

እኔ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። ገና በመጣ ቁጥር የባለቤቴ ዘመዶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። አማቴ የደጀን ሰው ናቸው። ዶሮ ወጥ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያዩት አሥራ ሁለቱ ብልት መሙላቱን ነው። እሳቸው ፊት ስኳር ድንች ማቅረብ ራሱ ድፍረት ነው። ያንቺም አማት እንደዚሁ ናቸው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ካልሆኑ እሰየው።

1. ስትገዢ። ስኳር ድንች በብዛት የሚመረተው በወላይታ፣ በሲዳማና በሐረርጌ በኩል ነው። የኛ አገር ሰው ድንች ሲባል የአዊን ድንች ነው የሚያስበው። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ሁሉም ሻጭ ጋ አታገኚውም። የያዘችውም ብትሆን ዓይነቱን አትነግርሽም። ልጣጩ ቀይ ስለሆነ ውስጡ ብርቱካናማ ነው ማለት አይደለም። ጫፉን በጥፍርሽ ጫር አድርገሽ እይው። ሴትዮዋ «አትቦጭሪብኝ!» ትልሻለች። ትበል።

ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው፣ እነ ኩልፎና ቱላ የሚባሉት ዝርያዎች፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር አላቸው። ለልጆች ግሩም ነው። ግን ውሃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይፈርሳል። ለበዓል ሰሃን ነጩን ውሰጂ። ደረቅ ስለሆነ ቅርጹን ይይዛል። መጠኑ መካከለኛ፣ ቀጠን ያለ፣ እኩል እኩል የሆነውን ምረጪ። ትልልቁን ተይው፣ ክር ይበዛበታል፤ ውጪው በስሎ ውስጡ እስኪደርስም ትሰለቺያለሽ።

ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢው። ከመሬት እንደወጣ ያን ያህል አይጣፍጥም። አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ሲቀመጥ ስኳሩ እየጨመረ ይሄዳል። ፍሪጅ ግን በፍጹም! ብርድ ሲመታው መሃሉ ይደነድንና የፈለግሽውን ያህል ብትቀቅዪው አይለሰልስም። ፍሪጅ ውስጥ አስገብተሽው ነበር አይደል? ነበር። ገምቻለሁ።

2. አትቀቅዪው። ቪዲዮው 15 ደቂቃ ያለው ለራሱ አገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ማንኛውም ቅቅል ጊዜ ይፈልጋል። ግን ጊዜ ጨምሪ እያልኩሽ አይደለም። ቆራርጠሽ ፈላ ውሃ ውስጥ ስትጨምሪው ጣዕሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሌላም አለ። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም አለ። እሱ የሚሠራው ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ቀስ ብሎ ከሞቀ በዚያ መሃል ብዙ ይቆይና ይጣፍጣል። ፈላ ውሃ ውስጥ ከተወረወረ ግን ቶሎ ያልፈዋል፣ ኢንዛይሙም ሥራውን ሳይጨርስ ይሞታል። ከመለሱልሽ መሃል «ስኳር ጨምሪበት» ያለችሽ ልጅ የቀቀለችውን ነው ስኳር የምታለብሰው።

3. ዳቦ ቤት። እዚህ ላይ ትንሽ ላቁምሽ።

እኔም እንዳንቺ አሰብኩ። እህቴ ከአሜሪካ የታንክስጊቪንግ ፎቶ ልካልኝ ነበር። እነሱ ማርሽማሎው የሚሉትን ለስላሳ ከረሜላ አልብሰው ኦቨን ውስጥ ነው የሚጋግሩት። ማርሽማሎው ከበርበሬ ጋር እንደማይሄድ ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም። አደራደሩ ግን ዓይኔ ገባ። ስኳር ድንቹን ልጬ በክብ በክብ ቆረጥኩት። እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱን ባንዱ ላይ ደረደርኩ። ዘይትና ማር ቀባሁት። ትሪው የእናቴ ነው። ወፍራም የድሮ ዕቃ፣ አንድ ጥጉ ላይ ጠርዙ የታጠፈ። በጋዱ ዕለት በፎጣ ሸፍኜ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፎጣውን ገለጥ አደረገ። «ድንች ነው?» አለኝ። «ስኳር ድንች።» «ድንች ልታስጋግሪ ባጃጅ ተኮናትረሽ መጣሽ?» ከኋላዬ ድፎ የያዙት ሁሉ ሳቁ። የድፎውን እጥፍ አስከፈለኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው ስለው «ሽታ አለው» አለኝ። ስኳር ድንች ምን ይሸታል? ደረሰኝ የለም። እሳቱ ለስለስ ይበልልኝ ብዬ ሁለቴ ተናገርኩ። «እሺ እሺ፣ 11 ሰዓት ነይ።» 11 ሰዓት ሄድኩ፣ «ገና ነው»። 12 ሰዓት፣ «ወረፋ አለ እኮ»። ቤት ዶሮ ወጡ ቁሌት ላይ ነው፤ ሽንኩርቱን ለ12 ዓመት ልጄ ትቼ ነው የምመላለሰው።

ምሽት ላይ ትሪው ወጣ። ማሩ ተቃጥሎ ላዩ ከሰል ሆኗል። ከሥሩ አንዱን ነቅዬ ብሰብረው ቀጭ አለ። ጥሬ ነው። ስናገረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህት፣ ምድጃው የዳቦ ነው። ላንቺ ድንች ብዬ አላቀዘቅዘውም።» ልክ ነው፣ የዳቦ ምድጃ ለስኳር ድንች ኃይለኛ ነው። ታዲያ ገንዘቤን ሲቀበል ለምን አልተናገረም?

ይባስ ብሎ ትሪው የኔ አይደለም። ስስ፣ ቀላል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። የኔ ስኳር ድንች በሰው ትሪ! እንዴት እንደገለበጡት እስካሁን አይገባኝም። «ትሪ ትሪ ነው» አለኝ ልጁ። ኃላፊውን አስጠራሁ፣ «ከበዓል በኋላ ነይ» አለኝ። ከበዓል በኋላ ስሄድ የዚያን ዕለት ተረኞቹ አዲስ አበባ ገብተዋል ተባለ። ዳቦ ጋጋሪን በጅምላ አልሰድብም። በጋድ የከተማው ድፎ ሁሉ እነሱ ላይ ነው የሚወርደው፣ እንቅልፍም የላቸው። ግን ገንዘብ ወስዶ ዕቃ አጥፍቶ መቆጣት የየትኛው አገር ሥርዓት ነው? የእናቴ ትሪ የሰው ቤት ቀረ።

ቁጥሩ የት ደረሰ? ተይው፣ አሠራሩን ልንገርሽ።

ያን ምሽት ቤት ስገባ መብራት የለም። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣድ ሲያበራ መቼ ይቆያል? ያልተላጠ ስኳር ድንች ተርፎኝ ነበር። የሸክላ ምጣዴን ከሰል ላይ ጣድኩና ከነልጣጩ ደረደርኩት። በአክንባሎ ከደንኩት። ከተስፋ መቁረጥ ነው እንጂ ዕውቀት አልነበረም። ዛሬ ግን ኦቨን ቢሰጡኝም አልቀይረውም።

ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ነው የምትጥጂው። ስኳር ድንቹን አጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ አትላጪው፣ አትቁረጪው። ክደኚና በየሩብ ሰዓቱ ብቻ አገላብጪ። እየከፈትሽ አታስቸግሪው። መካከለኛው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ አሙቂው፣ አጥፊው፣ ሲበርድ እንደገና አብሪው። መድረሱን እንዲህ ታውቂያለሽ፦ ልጣጩ ይሸበሸብና ከሥጋው ይለቃል። በስንጥቁ በኩል ወፍራም ፈሳሽ ያወጣል፣ ያ ፈሳሽ ምጣዱን ሲነካ ጭስስ ብሎ ይጠቁራል። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። እንዳትደነግጪ፣ አልተቃጠለም፤ የራሱ ስኳር ነው። ቢላ ስትወጊው ሳይታገልሽ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው። በትኩሱ አትላጪው። ከነልጣጩ ይደር። ሲያድር ይጠነክራል፣ ጠዋት ስትቆርጪው አይፈርስም። ገንፎ ሆነብኝ ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ልጣጩ ጠዋት በጣት ነው የሚወልቀው። ከዚያ ጣት በሚያክል ውፍረት በክቡ ቁረጪው።

ቅመሙ ቀላል ነው። ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ ከትፈሽ በንጥር ቅቤ አለስልሺ። እንዲጠቁር አትፈልጊም። ትንሽ ዝንጅብል፣ ጨው፣ ጫፍ ላይ ኮረሪማ። ስኳር ድንቹን ጨምሪና በማማሰያ ሳትነካኪው ድስቱን አወዛውዢው። ቃሪያውን መጨረሻ ላይ። ካወረድሽ በኋላ ሎሚ ጭመቂበት፣ የዘጌ ሎሚ ካገኘሽ አትለፊው። ሎሚውን እንዳትረሺ። ካለሱ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ሰው ሁለተኛ አይጎርስም። በርበሬ አያስፈልገውም፣ በርበሬው ወጡ ላይ አለ። ማርም ስኳርም አይገባበትም።

ማንም ያልነገረሽ ነገር ደግሞ አለ። በጋድ ቅቤ የገባበትን አትቀምሺም፣ ጾም ነው። ዶሮ ወጡንስ ለምደሽዋል፣ በማሽተት ታውቂዋለሽ። ይሄን ግን መጀመሪያሽ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ምግብ በሚፈቀድበት ጊዜ አንዱን ስኳር ድንች በዘይት፣ በጨውና በሎሚ ሥሪና ራስሽ ቅመሺ። ልኩን ያዢ። በበዓሉ ጠዋት ዘይቱን በቅቤ መቀየር ብቻ ነው የሚቀርሽ። የማይጾም ትንሽ ልጅ ካለሽ እሱን አታስቀምሺ፤ ልጅ ለሚጣፍጥ ነገር ሁሉ «ቆንጆ ነው» ይልሻል።

ስታቀርቢ መሶቡ መሃል እንዳታፈሺው። ወጡ ያርሰውና ድካምሽ ገደል ይገባል። ለብቻው ሰሃን ላይ፣ ለብ ያለ። አይቡ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። ስሙንም ቀድመሽ አታውጂ። አማቴ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ድንች ነው እማማ» ብቻ ነው ያልኩት። አንድ ቀመሱ። ዶሮ ወጡን አጣቀሱ። እንደገና ወደ ሰሃኑ እጃቸውን ሰደዱ። አማቴ የወደዱትን ምግብ አያመሰግኑም፣ ዝም ብለው ይደግማሉ። ትልቋ የባለቤቴ እህት ግን ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጥታ አሠራሩን ጠየቀችኝ። ስለ ምጣዱ ነገርኳት። ስለ ማሳደሩ አልነገርኳትም። በጥምቀት ሠርታው ፈረሰባት አሉ።

ከእንግዶችሽ ስኳር ሕመም ያለበት ካለ በትንሹ አድርጊለት። እንዲህ ቀስ ተብሎ የተጠበሰው ከተቀቀለው ይልቅ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ለሱ ከነልጣጩ ሙሉውን ቀቅለሽ አቀዝቅዢለት። አትቀቅዪው ያልኩሽ ለሌላው ነው።

መጠኑን ጠይቀሽ ነበር። ለ12 ሰው 3 ኪሎ ይበቃል፣ ማባያ እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። የተረፈውን በማግስቱ በትንሽ ዘይት ጠበስ አድርገሽ ከቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ጋር ብዪው። ንጥር ቅቤው ቀድሞ ስላለበት ዘይት አታብዢ።